የሰባት ቁጥር መቀርቀሪያ

ጋሽ ሞረድ እጃቸው ከምላሳቸው የሚቀድም፣ ምላሳቸውም እጃቸው ያልሠራውን የማይናገር ሰው ናቸው። እግዚአብሔር ለአንዱ ዜማ፣ ለአንዱ ንግግር፣ ለሌላውም ትዕግሥት ሲያድል ለእርሳቸው የደረሳቸው የጣት ጫፍ ነው። የተላገ ብረት ሲዳስሱ የፀጉር ሲሶ የምታህል ጉብታ አታመልጣቸውም። ይህን የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም፤ እርሳቸውም እንደሚታወቅላቸው ያውቃሉ። ትሑት ናቸው ቢባል ውሸት ይሆናል። በሥራቸው ይኮራሉ። ኩራታቸው ግን እንደ ምሰሶ ቤት የሚያቆም እንጂ እንደ ግንብ የሰው መንገድ የሚዘጋ አይደለም።

የጠመንጃ መጠገኛ ወርክሾፓቸው ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። በፊተኛው በር ደንበኛ ይገባል፤ በኋለኛው በር ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ይገባሉ። በመስኮቱ ሥር ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ፣ በስተ ግራ ዕድሜው ከልጃቸው የሚበልጥ የብረት መጠረቢያ ቶርኖ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ በቁመታቸው የተሰለፉ አርባ አንድ ሞረዶች አሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ከእነዚህ ነው። ሞረዳቸውን ለማንም ሰው ሰጥተው አያውቁም። ጎረቤት ሊዋስ ሲመጣ፣ “ሞረድና ሚስት አይዋሱም” ብለው ይመልሱታል። ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው፣ “ከሞረድ ኋላ መጠራቴንስ ለምጄዋለሁ” ይላሉ።

በዚህ ቤት ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው፣ ከእጃቸው የወጣ ሥራ ሁሉ ምልክታቸውን ይይዛል፤ ይኸውም በትንሽ መሮ በሦስት ምት የሚቀረጽ የወፍ እግር ነው። ሁለተኛው፣ የተጠገነን ጠመንጃ የመጀመሪያ ጥይት የሚተኩሰው ሠሪው ራሱ ነው። “ጉንጬን ያላስደገፍኩበትን ለሰው ጉንጭ አልሰጥም” ይሉ ነበር። እነዚህን ሁለት ሕጎች ይዘው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። ከዚያም ውስጥ ሃያውን ዓመት ከጎናቸው የቆመች አንዲት ሴት ልጃቸው ናት፤ በቶርኖው ላይ አባቷን ከበለጠች ሰነባብታለች። በዚያ ወር መጨረሻ የምልክቱን መሮ ለእርሷ አስረክበው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ቆርጠው ነበር። ሌላ የሚያወርሱት ቤትም መሬትም አልነበራቸውም፤ የሚያወርሱት ያንን የወፍ እግር ነበር።

አንድ ማለዳ፣ የወርክሾፑ በር ገና እንደ ተከፈተ፣ የዒላማ ተኩስ ክበቡ የዕቃ ቤት ኃላፊ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ይህ ሰው ቁልፎቹን ለማንም አምኖ ስለማይሰጥ ሰው ሁሉ ካዝና ይለዋል።

“እንደምን አደሩ ጋሼ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ታቅፈህ ነው? የክርስትና አባት ፍለጋ የመጣህ ትመስላለህ።”

“ሕፃን ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ!” ብሎ ጠመንጃዋን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። በሰደፏ ላይ በነጭ ቀለም ሰባት ቁጥር ተጽፎባታል። ከዚያ ከኪሱ አንድ ባዶ ቀለህ አውጥቶ ከጎኗ አኖረ። የቀለሁ ጠርዝ እንደ ተቆላ ባቄላ ተሰንጥቋል።

ጠመንጃዋ አሮጌ የዒላማ መለማመጃ ናት፤ የምትጎርሰውም ትንሿን ጥይት ነው። የዚህች ጥይት ባሩድ የሚቀጣጠለው ከግርጌዋ መካከል ሳይሆን በግርጌዋ ዙሪያ ካለው ስስ ጠርዝ ነው፤ የጠመንጃዋ መርፌ የሚመታውም ያንን ጠርዝ ነው። ስለዚህ ጥይቷን ከኋላ ዘግቶ የሚይዘው መቀርቀሪያ በቅጡ ካልገጠመ ጠርዙ ይቀደዳል፤ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

“ትናንት አንዲት ተለማማጅ ስትተኩስባት ነው የፈነዳው” አለ ካዝና። “ጉንጯን ለበለባት። መነጽር ባታደርግ ኖሮ ዓይኗ ነበር።”

“ልጅቷ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት። ቅባት ተቀብታ ስትስቅ ነው የተውኳት። እኔ ግን አልሳቅሁም። እስቲ መቀርቀሪያው ላይ የማን ምልክት እንዳለ ይዩት።”

ጋሽ ሞረድ ማየት አላስፈለጋቸውም፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የወፍ እግር ነው።

“የኔ ነው።”

“ቅዳሜ ኮሚቴው ይሰበሰባል። የወፍ እግር ያለበት መሣሪያ ሁሉ ከመደርደሪያ ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።”

“ማነው ያቀረበው?” አለች ልጃቸው ቶርኖውን አጥፍታ።

“እኔ ነኝ፣ እህቴ። አደራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ።”

“አደራ ትላለህ እንዴ! የክበባችሁ ጠመንጃ ሁሉ በማን እጅ ነው እስከ ዛሬ...”

“ተይው፣ ልጄ” አሏት አባቷ። “ከጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ነገረን፤ ይህም አንድ ነገር ነው።” ወደ ካዝና ዞረው፣ “እስከ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትሁን። ጥፋቱ የእጄ ከሆነ ምልክቴን እኔው ራሴ እፍቀዋለሁ፤ ኮሚቴም አያስፈልግም” አሉት።

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ደነገጠች። አባቷ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። የሚፋቀውም የእርሳቸው ምልክት ብቻ እንዳልሆነ፣ ነገ የእርሷ የሚሆነው እንጀራዋ ጭምር እንደ ሆነ ታውቃለች።

ካዝና እንደ ወጣ ጋሽ ሞረድ የላምባ ኩራዝ ለኮሱ። በዚህ ቤት ብረት ከብረት መግጠሙ የሚመረመረው በጥላሸት ነው። የመቀርቀሪያው እጀታ በሥሩ ትከሻ አለው፤ ሲዘጋ በጠመንጃዋ አካል ላይ ተደግፎ ኃይሉን ሁሉ የሚሸከመው ይህ ትከሻ ነው። ትከሻውን ጢሱ ላይ ይዘው ጥቁር ጥላሸት ያለብሱታል፤ ቀስ አድርገው ይዘጉታል፤ መልሰው ይከፍቱታል። ብረት ከብረት በተነካካበት ቦታ ጥላሸቱ ይለቅቃል። ያልተነካካበት ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። “ሰው ይዋሻል፤ ሚዛንም ይዋሻል፤ ጥላሸት ግን አይዋሽም” የሚለው የቤቱ አባባል ነው።

ዘጉት፤ ከፈቱት። ጥላሸቱ አንድም ቦታ አልተነካም።

ይህ ማለት ትከሻው ምንም አልተደገፈም ማለት ነው። ብረቱ አልቆ ይሆናል ብለው ጠርገው ዳሰሱት። አላለቀም። መቀርቀሪያውን ከሠሩት ብዙ ዓመት ቢሆንም የራሳቸው ሞረድ የጨረሳቸው ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች በትከሻው ላይ ይታያሉ። ያረጀ ብረት ያብለጨልጫል፣ ጠርዙም ይዶለዱማል፤ ይህ ግን እንደ ተሠራ ነው።

ባለቤታቸው ያመጡት ሻይ በረደ። ባለቤታቸው ተመልሰው መጥተው ብርጭቆውን ነክተው፣ “አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል ወይስ እያሰብክ ነው?” አሏቸው።

“እያሰብኩ ነው።”

“እንግዲያውስ ሻይህን ላሙቀው፤ ለሞተ ሰው ግን አላሞቅም።”

ጋሽ ሞረድ አልሳቁም። “እንደ ሠራሁት ካለ፣ አሁንም ካልገጠመ፣ ያኔም አልገጠመም ነበር ማለት ነው” አሉ ለልጃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ያላስተዋልኩትን ሥራ አውጥቻለሁ ማለት ነው።”

“አባዬ፣ አንተ ሳትተኩስባት ከዚህ በር የወጣች ጠመንጃ አለች?”

“የለችም።”

“ታዲያ ያኔ ብትላላ ኖሮ መጀመሪያ የሚቃጠለው ጉንጭ የማን ነበር?”

ጋሽ ሞረድ ጉንጫቸውን ዳበሱ። ልጅቷ መቀርቀሪያውን አንስታ አገላበጠችው። “ያን ጊዜ የሠራኸው ይህን ብቻ ነው?”

በዚህ ጊዜ ነበር ትዝ ያላቸው። ሰባት ቁጥር መንትያ አላት፣ ስምንት ቁጥር። ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ሳጥን የወጡ፣ ፋብሪካቸው ተዘግቶ መለዋወጫ የጠፋባቸው ጠመንጃዎች ናቸው። ለሁለቱም በአንድ ሳምንት መቀርቀሪያ ሠርተው፣ እያንዳንዱን በየጠመንጃው ላይ በጥላሸት አስማምተውት ነበር።

በማግስቱ አባትና ልጅ ሰባት ቁጥርን ይዘው ወደ ክበቡ ሄዱ። ካዝና ሦስት በሮችን በአራት ቁልፍ ከፈተ፤ አራተኛው ቁልፍ የምን እንደ ሆነ አልተናገረም። ስምንት ቁጥርን ከመደርደሪያ አወረደላቸው። ጋሽ ሞረድ መቀርቀሪያዋን አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። የወፍ እግር አለበት። ትከሻው ግን በሻካራ መስመር ተጫጭሯል፤ አህያ የጋጠችው ሣር ይመስላል።

“ይህን የነካ ሞረድ የኔ አይደለም” አሉ።

ልጃቸው ካዝናን አየችው። ካዝና ጣሪያውን አየ።

“ወንድሜ?” አለች።

“ሁለት ዓመት ይሆነዋል” አለ ካዝና ጣሪያውን እያየ። “አልዘጋ ብላ አስቸገረችኝ። ዝገት ነው ብዬ ትንሽ... ዳበስ ዳበስ አደረግኋት።”

“በምን ዳበስካት?”

“በሞረድ።”

“በየትኛው ሞረድ?”

“የዕቃ ቤቱ በር በዝናብ ሲያብጥ... ሳንቃውን የምሞርድበት አለ።”

ጋሽ ሞረድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ የሕመም ምልክት ፊታቸው ላይ ያየ ሰው የለም። ልጃቸው ግን አልታገሠችም። “ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ!”

“ቆይ” አሉ አባቷ። “መሣሪያ ስታጸዱ መቀርቀሪያዎቹን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?”

“ላምባ እንዳይባክን በአንድ ሳፋ እዘፈዝፋቸዋለሁ።”

“ሁለቱንም አንድ ላይ?”

“አንድ ላይ...” አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። በገዛ ጆሮው ሰማው።

ጋሽ ሞረድ ኩራዛቸውን ይዘው ነበር። ከሰባት ቁጥር ያወጡትን መቀርቀሪያ ጥላሸት አልብሰው በስምንት ቁጥር ውስጥ ዘጉት። ሲከፍቱት ትከሻው ከዳር እስከ ዳር ጠርቶ ብረቱ ያበራ ነበር። ተገጣጠሙ። ሁለቱ መንትዮች በአንድ ሳፋ ላምባ ውስጥ ተለዋውጠው ነበር፤ አንደኛው በሰው ቤት ላልቶ ሲንገጫገጭ፣ ሌላኛው በሰው ቤት ጠብቦት በበር ሞረድ ተፋቀ። አሁን ስምንት ቁጥር የራሷን አገኘች። የሰባት ቁጥር መቀርቀሪያ ግን ወደ ቤቱ ቢመለስም ትከሻው ተበልቶ አልቋል፤ አዲስ መሥራት ግድ ሆነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ሁለቱን ጠመንጃ በሁለት ትከሻዋ ተሸክማ እየሳቀች ትሄድ ነበር። “የካዝናን የቅዳሜ ፊት ለማየት ብዬ ከሌሊት ጀምሬ ነው ወንበር የምይዘው!” ትላለች። ወርክሾፕ እንደ ደረሱ አባቷ ሁለቱን መቀርቀሪያዎች በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንድ በአንድ አገላበጡ፤ ከላይም ከታችም፣ ከውስጥም።

“ምን ትፈልጋለህ?”

“ቁጥር።”

“ቁጥር የለውም፣ አባዬ።”

“የለውም። በዚህም ላይ የኔ ምልክት አለ፤ በዚያም ላይ የኔ ምልክት አለ። የሠራቸው ማን እንደ ሆነ አገር ያውቃል። የማን እንደ ሆኑ ግን አልጻፍኩም። ያን ጊዜ፣ ‘ቁጥር ምን ያደርጋል? ሳያቸው አውቃቸዋለሁ’ ብዬ ተውኩት። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ካዝና በምን ይወቃቸው?”

“እሱ ግን በበር ሞረድ...”

“እሱ የሞረደውን እሱ ይናገር። እኔ ያልጻፍኩትን እኔ እናገራለሁ።”

“ለኮሚቴው? በገዛ አፍህ ብትነግራቸው ምልክቱን ቢያወርዱትስ?”

“ቢያወርዱት የወረደ ምልክት ትወርሻለሽ። ሸሽጌ ባወርስሽ ግን የተሰረቀ ነው የምትወርሽው።”

አባቷ የሞርሳውን መያዣ ጠርገው ገለል አሉላት። “ሰባት ቁጥርን አንቺ ሥሪያት” አሏት፤ ራሳቸው ወንበር ስበው እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። “በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን እጅህን ኪስህ ውስጥ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ብርድ ነው?”

“ጸሎት ነው” አሏቸው።

ሥራው ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ከጥሩ ዘንግ ብረት በቶርኖ ተጠረበ፤ እጀታው ተሠራ፤ የመርፌው መንገድ ተበሳ፤ በእሳት ግሎ በዘይት ጠነከረ። የቀረው ትከሻው ነበር። ልጅቷ ሆን ብላ ትርፍ ብረት ትታበት ነበርና፣ አንድ ጊዜ ትሞርዳለች፣ ጥላሸት ታለብሳለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፣ ታያለች። መጀመሪያ በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር የለቀቀው። ከዚያ ነጥቡ እንደ ምስር፣ ምስሩም እንደ ጥፍር ሰፋ። የጋሽ ሞረድ ጣቶች ግን ኪሳቸው ውስጥ አብረዋት ሲሞርዱ በጨርቁ ላይ ይታይ ነበር።

በመጨረሻ ሞረዷን አስቀመጠች። “በቃኝ።”

ተነሥተው መጡ፤ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት። “በውጭው ጠርዝ በኩል ትንሽ ቀርቶሻል።”

“አልቀረኝም።”

“ቀርቶሻል እልሻለሁ። ጣቴ ትነግረኛለች።”

“ጣትህ የነካችው ብረቱን አይደለም፣ አባዬ። ሲዘጋ ወደ ጠርዙ የተገፋውን ጥላሸት ገና አልጠረግሁትም።”

በጨርቅ ጠረገችውና ሰጠቻቸው። ዳሰሱት። እንደ ገና ዳሰሱት። ከዚያም ዘግተው ከፈቱት፤ ጠቅ ያለው ድምፅ እንደ ጥሩ የሣጥን ክዳን ለስላሳ ነበር። ፊታቸው ሲበራ በሩ ላይ የቆሙት ባለቤታቸው አዩ። ጋሽ ሞረድ በአርባ አንዱ ሞረዶች ፊት በሴት ልጃቸው ሲሸነፉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

“ቁጥሩን አስቀድሚ” አሏት። ልጅቷ በአዲሱ ላይ ሰባትን፣ በአሮጌው ላይ ስምንትን በብረት የቁጥር ማተሚያ መታች። በአዲሱ ላይ የወፍ እግር የሚቀመጥበት ቦታ ግን እስከ ቅዳሜ ባዶውን ቀረ።

ቅዳሜ የኮሚቴው ሰዎች በተኩስ ሜዳው ዳስ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ በወጣትነታቸው ራሳቸው በሰባት ቁጥር የተኮሱ ሽበታም ሴት ናቸው። ጉንጯ ላይ ቅባት የተቀባችው ተለማማጅም ከዳር ቆማ ነበር። መጀመሪያ የተነሣው ካዝና ነው፤ ላብ አጥምቆታል፤ የሳፋውንም የበር ሞረዱንም ነገር ሳይቀንስ ተናገረ። ከኋላ ሰው ሳቀ። ጋሽ ሞረድ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

“አትሳቁበት” አሉ። “እርሱ የተናገረው እውነት ነው፤ ግማሽ ግን ነው። ሁለቱን መንትዮች የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍኩባቸው፤ የእነርሱን ቁጥር ግን አልጻፍኩባቸውም። ቁጥር ቢኖራቸው በአንድ ሳፋ ቀርቶ በአንድ በርሜል ቢዘፈዘፉም አይለዋወጡም ነበር። ልጄ ሆይ፣” ብለው ወደ ተለማማጇ ዞሩ፣ “ጉንጭሽን ያቃጠለው የካዝና ሳፋ ብቻ አይደለም፤ የኔም ኩራት አለበት። ይቅር በዪኝ። ምልክቴ ይውረድ ካላችሁ መሮዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚሁ እፍቀዋለሁ።”

ተለማማጇ፣ “ኧረ ምንም አይደለም፣ ጋሼ! ይልቅ ተሠርታ ከሆነ ልተኩስባት” አለች።

ሰብሳቢዋ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው፣ “ሐሳብ ያቀረበው ሰው ምን ይላል?” አሉ።

“አንስቻለሁ” አለ ካዝና። “ሁለት ሳፋም ገዝቻለሁ።”

“እንግዲያውስ የወፍ እግር ከመደርደሪያችን አይወርድም” አሉ ሰብሳቢዋ። “ጥፋቱን ራሱ የሚናገር ምልክት ካወረድን ማንን እናምናለን? ከዛሬ ጀምሮ ግን ቁጥር የሌለው መቀርቀሪያ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። አሁን ጠመንጃዋን እንያት።”

ሁሉም የመጀመሪያውን ጥይት ጋሽ ሞረድ እንዲተኩሱ ጠበቁ፤ ሕጉን ያውቁታልና። እርሳቸው ጠመንጃዋን ተቀብለው ለልጃቸው አቀበሏት። “የመጀመሪያውን ጥይት የሚተኩሰው ሠሪው ነው” አሉ፣ ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ። “ሠሪዋ እርሷ ናት።”

ልጅቷ መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከች፤ ጉንጯን በሰደፉ ላይ አስደገፈች። ተኩሱ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። ጋሽ ሞረድ አምስቱን ቀለሆች ከሣሩ ላይ ለቅመው በየተራ በጠርዛቸው ዙሪያ ጣታቸውን አዞሩ። አንዱም አልተሰነጠቀ፤ አንዱም አላበጠ። ለሰብሳቢዋ ዘርግተው አሳዩ፤ ከዚያም ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለችውን ትንሽ መሮ አውጥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ።

እዚያው በዳሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ካዝና መዶሻ አቀብሏት፣ ሦስት ጊዜ መታች። ጋሽ ሞረድ ጎንበስ ብለው አዩት።

“አሳነስሺው” አሏት።

“ከቁጥሩ እንዳይበልጥ ብዬ ነው።”

ጋሽ ሞረድ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ወደ ሕዝቡ ቀና አሉ፤ “አያችሁ ልጄን?” አሉ።

እግዚአብሔር እጃቸውን ከመንቀጥቀጥ፣ ጣታቸውን ከመደንዘዝ ይጠብቅላቸው። ልጃቸውን በአባቷ እውነት ያጽናት፤ ሻዩን ለሚያሞቁት እናትም ዕድሜ ያድላቸው። ያ ቤት ከሥራ፣ ከሳቅና ከሰላም አይጉደል። አሜን።